የረቡዕ ዳዊት

በጨርጨር ተራሮች፣ በቡና አገሯ በበደሳ፣ በሚዛን የሚያጭበረብረው ሲከብር ሐቀኛው ሲደኸይ ያየ ሰው «ፈጣሪ ወዴት ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ዳዊት ደጋሚ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ይጸልየዋል። ጧፉን ለኩሶ፣ ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቶ ሲደግም፣ 150ው መዝሙር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይከፈላል። የአሳፍ መዝሙር፣ 72ኛው፣ ረቡዕ ላይ ይውላል። አሳፍ በክፉዎች ምቾት ቀንቷል፤ ንጽሕናዬ ምን ፈየደልኝ እስከማለት ደርሷል። የተረጋጋው መቅደስ ገብቶ መጨረሻቸውን ሲያስተውል ነው።

ድንቁ ነገር ቤተ ክርስቲያን ይህን ምሬት አለመደበቋ ነው፤ ጸሎት አደረገችው። ሙስሊሙ የበደሳ ጎረቤትም በነቢዩ አዩብ ሰብር (ትዕግሥት) ይጽናናል።

ዳዊት በቤታችሁ ካለ፣ በመጪው ረቡዕ 72ኛውን ቀስ ብላችሁ ድገሙት።