ለውጥን መሰወር ስለሚባለው የጊት አጠቃቀም

የፕሮግራም ጽሑፍን ለውጥ ለመመዝገብ ጊት የተባለው መሣሪያ በተማሪዎች ዘንድ እጅግ ተለምዷል። መሣሪያውን በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ለሊኑክስ ሥራ ያበጀው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። እዚህ የምንነቅፈው ግን መሣሪያውን ሳይሆን በልማድ የገባ አንድ አጠቃቀሙን ነው።

ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ በሮቤ፣ አንዷ በገሰራ ሆነው የባሌን የስንዴና የገብስ ምርት የሚመዘግብ ፕሮግራም በጋራ ይጽፋሉ እንበል። የመረጃ ቋቱ አድራሻና የይለፍ ቃሉ ያለበት ፋይል በጋራው መዝገብ ገብቷል፤ የሁለቱ ኮምፒዩተር ግን ስለማይመሳሰል እያንዳንዳቸው ፋይሉን ለየራሳቸው ያስተካክላሉ። ጊትም ዘወትር «ይህ ፋይል ተለውጧል» ይላቸዋል። ስሙን «ጊት ኢግኖር» በተባለው ዝርዝር ቢጽፉት አይረዳቸውም፤ ዝርዝሩ የሚሠራው ገና ላልተመዘገበ ፋይል ብቻ ነውና። እንግዲህ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የሚተላለፈው መድኀኒት «አስዩም አንቼንጅድ» የተባለው ምልክት ይሆናል። ማስጠንቀቂያውም ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ ሊመረመር ይገባል። ምልክቱ በመሠረቱ ተጠቃሚው «ይህን ፋይል አልለውጠውም» ብሎ ለመሣሪያው የሚሰጠው ቃል ነው፤ የታሰበውም ፋይሎችን መፈተሽ በሚዘገይበት ኮምፒዩተር ላይ ድካም ለመቀነስ ነበር። ጓደኞቻችን ግን ቃሉን የሚሰጡት ፋይሉን ከለወጡ በኋላ ነው! የገሰራዋ ተማሪ በዚያው ፋይል አንድ መስመር ጨምራ ብትልክ፣ የሮቤው ሥራ ለውጡን በሚቀበልበት ሰዓት ይሰናከላል፤ ምልክቱ በእርሱ ኮምፒዩተር ብቻ ስለሚቀመጥም እርሷ ምክንያቱን ልታይ አትችልም። «ስኪፕ ወርክትሪ»ን የሚመርጡ አሉ፤ ያም የተበጀው ከመዝገቡ ከፊሉን ብቻ አውጥቶ ለመሥራት ነው። የጊት አዘጋጆች ራሳቸው ሁለቱም ለዚህ ጉዳይ እንደማይሆኑ በመመሪያቸው ጽፈዋል፤ መሣሪያው ፋይሉን መተካት ሲኖርበት የተሰወረው ለውጥ የሚጠበቅ ይሁን የሚጣል ለይቶ አያውቅምና።

የአገራችን ጸሐፊዎች ተመሳሳይ ችግር በብራና ላይ ገጥሟቸው ነበር። በጸሎት መጻሕፍት የሰው ስም በሚገባበት ስፍራ «እገሌ» ይጻፋል፤ የሚጸልየው የራሱን ስም ይተካበታል፤ ጽሑፉ ግን አይነካም። ለፕሮግራሙም እንዲሁ ቢደረግ እንመርጣለን፦ በጋራው መዝገብ «እገሌ» የሚል ናሙና ይቀመጥ፤ እውነተኛው ፋይል ከናሙናው ይገልበጥ፤ ስሙም በጊት ኢግኖር ይግባ። ቀድሞ የተመዘገበውን ከመዝገብ ሲያወጡ ግን ጓደኛ አስቀድሞ ቅጂ ያስቀር፤ ለውጡን በተቀበለ ጊዜ የእርሱም ፋይል ይሰረዝበታል። የይለፍ ቃሉም በመዝገቡ የቆየ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር በአዲስ መተካት አለበት።