«ወዳጃዊ አድራሻ» ወይስ ተነባቢ አድራሻ?

አንድ የውጭ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ነገሩ ምን ይሠራል የሚለው ነው። በድረ ገጽ መተግበሪያ ሥራ «ወዳጃዊ አድራሻ» ተብሎ ቃል በቃል የሚተረጐመው ስያሜ ይህን ፈተና አያልፍም፤ ወዳጅነት የሰው ጠባይ ነውና። የተፈለገው በቁጥርና በጥያቄ ምልክት የታጨቀ ሳይሆን የገጹን ርእስ የሚናገር አድራሻ ስለ ሆነ፣ «ተነባቢ አድራሻ» ቢባል ይሻላል እንላለን።

ይሁን እንጂ ስሙ ቢቃና፣ ነገሩ ለአማርኛ ካልሠራ ስያሜው ባዶ ይሆናል። ጃንጎ የተባለውን የፓይተን ማዕቀፍ ለምሳሌ እንውሰድ። ከርእስ የአድራሻ ስም የሚያወጣው «ስለጊፋይ» የተሰኘው መሣሪያው በተለመደው አሠራሩ ከላቲን ውጭ ያሉትን ፊደላት ስለሚጥል፣ «የቃላት አመሠራረት» የሚል ርእስ ቢሰጠው የሚመልሰው ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 1.9ኛው እትም ዩኒኮድን የሚፈቅድ አማራጭ ጨምሮለታል። አማራጩ ቢከፈትም እንኳ፣ በአድራሻው ንድፍ ላይ «ስለግ» የተባለው ዓይነት የግእዝን ፊደል ስለማይቀበል «ስትር» የተባለውን በምትኩ ማስገባት ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የእኛው የቤት ሥራ ነው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሃይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ሲሆኑ ለመሣሪያው አራት አድራሻዎች ናቸው፤ ዩኒኮድም ሞክሼ ፊደላትን አያዋሕድም። በላቲን ፊደል መጻፍ መፍትሔ ነው የሚሉ ይኖራሉ፤ ነገር ግን በተለመደው የላቲን አጻጻፍ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። በሌላ በኩል፣ አድራሻው በመረብ ሲተላለፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዘጠኝ ምልክቶች ስለሚተካ «ፀሐይ» 27 ምልክት መሆኑን አንክድም። ይህ ግን የማሸጋገሪያ መልክ እንጂ አንባቢው በመቃኛው ላይ የግድ የሚያየው አይደለም።

ስለዚህ አድራሻው በግእዝ ፊደል ይጻፍ፤ ሞክሼዎቹ ለአድራሻው ብቻ በአንድ ስልት ይጠቃለሉ፤ ርእሱ ግን እንደ ተጻፈ ይቆይ እንላለን። ሲጠቃለሉ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ስለሚጋጩ የገጹ መለያ ቁጥር ይከተላቸው። አጻጻፍ ሲታረምም አሮጌው አድራሻ በ301 ቋሚ ማዛወሪያ ወደ አዲሱ ይምራ። ፀሐይ መውጣቷን የሚፈልግ አንባቢ ሌብነት ላይ እንዳይወድቅ መጠበቅ የመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን የመዝገበ ቃላት አዘጋጁም ግዴታ ነው።