ከስክሪኑ ጀርባ የሚሠራው ትሬድ

ስክሪን ያለው ፕሮግራም አንድ ዋና ትሬድ፣ ማለትም ትእዛዞችን ተራ በተራ የሚፈጽም የሥራ መስመር፣ አለው። የጣትን ንክኪ የሚቀበለው፣ ቁልፉን የሚስለው፣ ጽሑፉን የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ረጅም ሥራ ከተጫነበት ስክሪኑ ድርቅ ይላል፤ አንድሮይድም ለንክኪ 5 ሰከንድ ያህል ምላሽ ከጠፋ መተግበሪያው መልስ እየሰጠ እንዳልሆነ ያስታውቃል። መፍትሔው ከባዱን ሥራ ከጀርባ ለሚሠራ ሌላ ትሬድ መስጠት ነው።

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላ የገዛ ሰው ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት በሚሰጠው ቴሌብር ሲከፍል የዚህን ጥቅም ያያል። ኔትወርኩ ቢንቀራፈፍም ስልኩ አይደርቅም፤ የመጠበቂያዋ ክብ መሽከርከሯን አታቆምም። አንድሮይድ ከ3.0 (2011 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የኔትወርክ ሥራን ዋናው ትሬድ ላይ ይከለክላል፤ ደንቡን የጣሰ መተግበሪያ በስህተት ይቋረጣል። ጨከን ያለ፣ ግን ተገቢ ሕግ ነው።

የስልቱ ውበት ያለው በሥራ ክፍፍሉ ነው። የጀርባው ትሬድ ስክሪኑን ፈጽሞ አይነካም፤ ውጤቱን ወረፋ ላይ ያኖራል፣ ዋናው ትሬድ ተራው ሲደርስ አንሥቶ ያሳያል። ሁለቱም ስክሪኑን ልንካ ካሉ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋ ስህተት ይፈጠራል፤ ፕሮግራመርን እንደዚህ የሚያንገላታ ጥቂት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ዶትኔት 2.0 የተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ባክግራውንድወርከር በተሰኘ ክፍሉ ይህን ርክክብ በራሱ ይፈጽማል።

ማቋረጥም ሥርዓት አለው። ትሬዱ በጉልበት አይገደልም፤ «አቁም» የሚል ምልክት ይሰጠዋል፣ እሱም በየመሃሉ እያየ ራሱ ያቆማል። ሰርቨሩ ተቀብሎ የፈጸመውን ክፍያ ግን ስልኩ ላይ ማቋረጥ አይመልሰውም።