መንገድ ለሚጠግኑ እጆች

በሪያድ ከተማ፣ ከዑለያ ሰፈር ወደ ምዕራብ ሲወጡ የሚገኘው የዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ፣ በአንድ ወቅት የግንባታ ፍርስራሽና የቆሻሻ መጣያ ነበር። ሸለቆው ጸድቶ፣ የእግር መንገድ ወጥቶለትና ዛፍ ተተክሎለት በ2010 እ.ኤ.አ. የአጋ ካንን የሥነ ሕንጻ ሽልማት አገኘ።

ሽልማቱ አንድ ጊዜ ነው፤ ጥገናው ግን የሠራተኞች የዘወትር ሥራ ነው። ነፋስ ያመጣው አሸዋ ይጠረጋል፤ ጎርፍ የሸረሸረው ጠርዝ በድንጋይ ይደገፋል፤ የደረቀ የቴምር ዝንጣፊ ይቆረጣል፤ ሽርሽር የወጣ ሰው የጣለው ፌስታል ይለቀማል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ሕግ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሰዓትም ቢሆን ሙቀቱ ቀላል አይደለም። በደህና የምንራመደው በእነዚህ ሠራተኞች ላብ ነው። ስናልፍ «በርቱ» እንበላቸው፤ ቆሻሻችንንም ይዘን እንመለስ።