«ፉ» እና «ባር»፤ ትርጕም የለሽ ስሞች በኮምፒዩተር ትምህርት

በአማርኛ ስሙን የማናውቀውን ወይም ልንጠራው የማንፈልገውን ሰው «እገሌ» እንለዋለን፤ ስሙ ከአፋችን የጠፋብንን ዕቃም «እንትን» እንለዋለን። እነዚህ ቃላት በራሳቸው ምንም ነገር አይሰይሙም፤ ሥራቸው የሌላውን ስም ቦታ መጠበቅ ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ለምሳሌ ያህል በሚጽፉት ፕሮግራም ውስጥ እንዲሁ ቦታ ጠባቂ የሆኑ ስሞች አሏቸው፤ ከእነርሱም በጣም የታወቁት «ፉ»፣ «ባር» እና «ባዝ» የተባሉት ናቸው። ስለ እነዚህ ቃላት ከተጻፉት መካከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «የፉ ሥርወ ቃል» የተሰኘው አጭር ጽሑፍ ነው። የዚህ ሐተታ ዓላማ ያን ጽሑፍ መመርመር፣ መልካም ጎኑን መመስከርና ያጐደለውን ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጽሑፉን ያዘጋጁት ዶናልድ ኢስትሌክ፣ ካርል ኡኖ ማንሮስና ኤሪክ ሬይመንድ ሲሆኑ፣ የኢንተርኔት አሠራር በሚመዘገብበት «አር ኤፍ ሲ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት ውስጥ በቍጥር 3092 ኤፕሪል 1 ቀን 2001 ወጣ። ቀኑ በምዕራባውያን ዘንድ የቀልድ ቀን ስለ ሆነ ጽሑፉም የቀልድ መልክ አለው። ይሁን እንጂ ቀልዱ በእውነተኛ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ደራስያኑ እስከዚያ ጊዜ ከወጡት ሰነዶች 212 ያህሉ፣ ማለት ከመቶ 7 ገደማ የሚሆኑት፣ እነዚህን ቃላት ያለ አንዳች ማብራሪያ እንደ ተጠቀሙባቸው ቈጥረው አመልክተዋል። ደንብ አውጪዎች ለራሳቸው ቃል ትርጕም ሳይሰጡ ይህን ያህል ዘመን መጓዛቸው ሊያስቅም ሊያሳስብም ይገባል።

የጽሑፉ ዋና ብርታት የቃሉን ታሪክ በሚዛን ማቅረቡ ነው። «ፉ» በ1930ዎቹ ዓመታት ቢል ሆልማን በሚሥለው «ስሞኪ ስቶቨር» በተባለው የጋዜጣ የሥዕል ቀልድ ውስጥ ዘወትር ይገኝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች «ፉባር» የሚል፣ ለጨዋ ጆሮ የማይመች የምሕጻረ ቃል ስድብ ነበራቸው። ብዙ ሰዎች «ፉ» የተወለደው ከዚህ ስድብ ነው ይላሉ። ደራስያኑ ግን «ፉ» ቀዳሚ መሆኑን አሳይተው፣ የወታደሮቹ ቃል ከእርሱ ሳይወጣ እንዳልቀረና፣ «አስፈሪ» የሚል ትርጕም ያለው «ፉርሽትባር» የተባለው የጀርመንኛ ቃልም ሳይረዳው እንዳልቀረ ይገምታሉ። በኤም አይ ቲ የሞዴል ባቡር ክበብ አባላት ዘንድ ቃሉ ይነገር እንደ ነበር፣ ፒተር ሳምሰን በ1959 ያዘጋጀው የክበቡ መዝገበ ቃላት ይመሰክራል። ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አለማስመሰላቸው የሚመሰገን ነው።

ጕድለቱ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ጽሑፉ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ሲተርክ፣ ለምን እንደሚያገለግልና ለማን እንደማያገለግል አይጠይቅም። የቃል ልደቱ ብቻ ሳይሆን ሥራውም ሊመረመር ይገባል።

በምሳሌ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ዓይነት ቃላት ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንደኞቹ የፕሮግራሙ ቋንቋ ራሱ የደነገጋቸው ሲሆኑ ሊለወጡ አይችሉም፤ ሁለተኞቹ ጸሐፊው እንደ ወደደ የሰየማቸው ናቸው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ተማሪ «ፉ» የተባለውን ሲያይ ባዶ ቃል መሆኑን ወዲያው ያውቃል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረው የእኛ ተማሪ ግን ይህን የሚለይበት ምልክት የለውም፤ መዝገበ ቃላት ይገልጣል። «ፉ»ን አያገኝም፤ «ባር»ን ግን የመጠጥ ቤት ወይም የብረት ዘንግ ሆኖ ያገኘዋል። ባዶ ነው የተባለው ቃል ለእርሱ ባዶ አይደለም፤ መጠጥ ቤቱ በስሌቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሲመረምር የትምህርቱ ሰዓት ያልፍበታል።

ነገሩ በእንግሊዝኛ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ፈረንሳዮች «ቶቶ» ይላሉ፤ ጣሊያኖች ከዋልት ዲዝኒ ሥዕሎች የአንዱን የጣሊያንኛ ስም ወስደው «ፒፖ» ይላሉ። ስሙን «ሞንቲ ፓይተን» ከተባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች የወሰደው የፓይተን ቋንቋም በምሳሌዎቹ «ስፓም» እና «ኤግስ» ይላል፤ ቀልዱን በቴሌቪዥን ላላየ ሰው ይህ የታሸገ ሥጋና እንቍላል ብቻ ነው። እንግዲህ ባዶው ስም የማኅበርተኞች መለያ ይሆናል፤ የሚያውቀው ፈገግ ይላል፣ የማያውቀው በውጭ ይቀራል።

ምናልባት «ትርጕም ያለው ስም የተማሪውን ሐሳብ ከቅርጹ ወደ ትርጕሙ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ባዶው ይሻላል» የሚል ይኖራል። ክርክሩ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ፍጹም ባዶ የሆነ የምሳሌ ቃል አይገኝም። የዐረብ የሰዋስው ሊቃውንት ለግሥ ሁሉ አርአያ እንዲሆን «ፈዐለ» የተባለውን ቃል መረጡ፤ ትርጕሙ «አደረገ» ማለት ስለ ሆነ ከግሦች ሁሉ ወደ ባዶነት የቀረበው ነው። ዕብራይስጥም ይህንኑ ሥር በተጠቀመ ጊዜ ችግር ተፈጠረ፤ መካከለኛው ፊደል የጉሮሮ ድምፅ በመሆኑ እንደ ሌሎቹ አይጠብቅምና። ስለዚህ ኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች በቦታው «ቀተለ» የተባለውን ሥር አቆሙ። የእኛ የግእዝ ሊቃውንት ደግሞ ግሥን ሁሉ በአንድ ቃል አልወከሉም፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለና ጦመረ ብለው ስምንት አርእስት አቆሙ። መካከሉ የጉሮሮ ድምፅ የሆነው ክህለ ለብቻው መቆሙ፣ ምሳሌ የራሱን ጠባይ ይዞ እንደሚመጣ መረዳታቸውን ያሳያል።

የሚያስደንቀው ከሦስቱ ደራስያን አንዱ፣ ዶናልድ ኢስትሌክ፣ ይህንኑ ቁም ነገር ቀደም ብሎ ማወቁ ነው። በጁን 1999 ከሌላ ባልደረባው ጋር ባወጣው በቍጥር 2606 ሰነድ፣ «ኤግዛምፕል» የሚለው ቃል ያለባቸው አንዳንድ የኢንተርኔት አድራሻዎች ለምሳሌ ብቻ እንዲጠበቁና ማንም ባለቤት እንዳይሆንባቸው ተደንግጓል። ቃሉ ራሱ «ምሳሌ» ማለት ነው፤ አንባቢውን አያሳስትም፣ የሌላውንም ንብረት አይነካም። እንዲሁም ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በ1978 ስለ ምስጢር ጽሕፈት ባወጡት ጥናት ሁለቱን ወገኖች «አሊስ» እና «ቦብ» ብለዋቸዋል፤ ስሞቹ በ«ኤ» እና በ«ቢ» ስለሚጀምሩ አንደኛውና ሁለተኛው ማን እንደ ሆኑ ያለ ድካም ይታወቃል።

ከዚህ የሚከተለው «ፉ» ይወገድ ማለት አይደለም፤ ተማሪው በመጻሕፍት ሁሉ ያገኘዋልና ሊያውቀው ይገባል። ነገር ግን መምህሩ ከመጀመሪያው ትምህርት ላይ «ይህ የእኛ እገሌ ነው፤ በቦታው የፈለጋችሁትን አስገቡ» ብሎ ቢናገር፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብዙ ድካም ይቀርለታል። በጸሎት መጻሕፍት ውስጥ «እገሌ» በተጻፈበት ቦታ የራሱን ስም ማስገባት የለመደ ሕዝብ ይህን ሐሳብ ለመረዳት አይቸገርም። ከዚህም በላይ በ2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተን በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፈ ስም ስለሚቀበል፣ «እገሌ» የሚለው ቃል ራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ ሊቆም ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ የቋንቋው ትእዛዝ በላቲን፣ የጸሐፊው ምርጫ በግእዝ ፊደል ተጽፎ ይታያል፤ ጀማሪው ሊለይ ያልቻለውንም ዓይኑ ይለይለታል።