ስለ ፋይሎች የጊዜ ቅደም ተከተል አጭር ሂስ

በሰርቨር ላይ የሚሠሩ ስክሪፕቶችን ከሚያስተምሩት ጽሑፎች ብዙዎቹ ፋይሎችን በመጨረሻ በተለወጡበት ሰዓት መደርደርን የሁለት መስመር ሥራ አድርገው ያቀርቡታል። ነገሩ ግን ሁለት ጥያቄዎች አሉበት። አንደኛው፤ ትእዛዙ በትክክል ተጽፏል ወይ? ሁለተኛው፤ ሰዓቱ ራሱ ለምንፈልገው ነገር ምስክር ሊሆን ይችላል ወይ? ጽሑፎቹ የፊተኛውን መልሰው የኋለኛውን በዝምታ ስለሚያልፉት፤ ይህን ጉድለት በአገራችን ምሳሌ ለመመርመር አስበናል።

ምሳሌያችንን ከመንዝና ከግሼ እንውሰድ። በራቤል ዙሪያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀመጡ እንበል። በቅርብ የተነሣው ፎቶግራፍ በመጀመሪያ እንዲታይ አንድ ተማሪ በፒ.ኤች.ፒ. ቋንቋ ስክሪፕት ይጽፋል፤ ዝርዝሩ ግን እንዳሰበው አይወጣም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የፋይሉ አድራሻ ነው። ስካንዲር የተባለው ትእዛዝ የፋይሎቹን ስም ብቻ እንጂ ያሉበትን ፎልደር ጨምሮ አይሰጥም። እንግዲህ ስሙን ብቻ ይዞ ፋይል-ኤም-ታይም በተባለው ትእዛዝ ሰዓቱን የሚጠይቅ ሰው፤ ስክሪፕቱ የሚሠራው ከዚያው ፎልደር ውስጥ ካልሆነ በቀር፤ የሚያገኘው መልስ ሰዓት ሳይሆን «ሐሰት» ነው። በሐሰትና በሐሰት መካከል ደግሞ ቀዳሚና ተከታይ ስለሌለ ዝርዝሩ በስም ተራ እንደነበረ ይቀራል።

ሁለተኛው ስሕተት ሰዓቱን የዝርዝሩ መለያ ቁልፍ ማድረግ ነው። ትእዛዙ ሰዓቱን የሚሰጠው በሙሉ ሴኮንድ ስለሆነ፤ በአንድ ሴኮንድ የተጻፉ ሁለት ፋይሎች አንድ ቁልፍ ይይዛሉ፤ የኋለኛውም የፊተኛውን ይሽረዋል። ፎቶግራፉ በሰርቨሩ ላይ እያለ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ አንባቢውም ከመጽሐፉ ቅጠል የጎደለ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ዩሶርት በተባለው ትእዛዝ ሰዓትን ከሰዓት ማወዳደር፤ ሰዓቱ እኩል ሲሆንም በስም መለየት ነው።

ሦስተኛው ሰዓቱን ወደ ቀን ጽሑፍ ለውጦ ጽሑፉን ማወዳደር ነው። አኃዝ በአኃዝ እንደ ፊደል ሲነጻጸር 10 ከ9 ይቀድማል። ኮምፒዩተሩ ሰዓቱን የሚይዘው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፤ ይኸውም በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ባለፉት ሴኮንዶች ቁጥር ነው። ስለዚህ መደርደር የሚገባው በቁጥሩ ነው፤ ወደ ቀን መለወጥ ለማሳየት ብቻ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ሲታረሙ ዝርዝሩ ይስተካከላል፤ ትምህርቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። የእኛ ተቃውሞ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፋይሉ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲገለበጥ፤ ሰዓቱ እንዲጠበቅ ካልታዘዘ በቀር፤ አዲሱ ቅጂ የሚይዘው የተገለበጠበትን ሰዓት ነው። በተለያዩ ዓመታት የተነሡ ፎቶግራፎች ሁሉ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ። ፋይል-ሲ-ታይም የተባለውም ትእዛዝ ከዚህ አያድንም፤ በሊኑክስ ላይ የሚነግረው ስለ ፋይሉ የተመዘገበው መረጃ የተለወጠበትን እንጂ ፋይሉ የተፈጠረበትን ሰዓት አይደለምና።

ይህ ለብራና መርማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፉ የተገለበጠበት ዘመን ድርሰቱ የተደረሰበት ዘመን እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም የተጻፈባቸው መጻሕፍትም አሉ፤ የተፋቀውን ቦታ ብቻ አይቶ የመጽሐፉን ዘመን የሚወስን መርማሪ ግን የለም። የንጉሡንና የጳጳሱን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና ወንጌላዊውን፣ የፊደሉንም ቅርጽ ያመዛዝናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር ባዘጋጁት ካታሎግም ለመጻሕፍቱ ዘመን የተሰጣቸው በክፍለ ዘመን ወይም በነገሥታቱ ዘመን እንጂ ፊልሙ በተነሣበት ቀን አይደለም።

የፋይሉ ሰዓት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ትናንት የተነካው ፋይል የትኛው እንደሆነ ለማወቅና መጠባበቂያ ቅጂ ለማዘጋጀት በእጅጉ ይጠቅማል። ስሕተቱ «በመጨረሻ የተነካ» የሚለውን «አዲስ» ብሎ መተርጐም ነው። ብራናው የተጻፈበት ዘመን፣ ፎቶግራፉ የተነሣበት ቀንና ፋይሉ የተገለበጠበት ሰዓት ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ስለሆኑ በመዝገብ ለየብቻ ሊጻፉ ይገባል። ለመዝገብ የማይመች ሲሆን እንኳ የፎቶግራፉን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ዓመቱን በአራት፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት በሁለት አኃዝ አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል፤ እንዲህ ሲሆን ጳጉሜን 13 ሆና ነሐሴን በትክክል ትከተላለች፤ ፋይሉ ስንት ጊዜ ቢገለበጥም ተራው አይናወጥም።

ወደ ራቤል ወጥቶ ብራናውን መግለጥ የማይችል አንባቢ በእጁ ያለው ዝርዝሩ ብቻ ነው። ዝርዝሩን የሚሠራ ሰው እንግዲህ ትእዛዙ ያለ ስሕተት መሥራቱን ብቻ ሳይሆን፤ የሚናገረውም እውነት መሆኑን መጠየቅ አለበት።