ድንጋይ ሌሊት የሚሠራው

ዳባት ለሚኖሩ አንዲት እናት የፀሐይ ማድረቂያ ሠርቼ ሰጠሁ። የደምቢያ በርበሬ ዘረጉበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስጠሩኝና አንድ ዛላ አንስተው አጎበጡልኝ፤ ማታ ቀሽ ብሎ ይሰበር የነበረው እንደ ጠፍር ተለመጠ። «ቀን ያደረቀውን ሌሊት መልሶ ይጠጣዋል፣ ልጄ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ሲል ደጋው በሌሊት ክፉኛ ይቀዘቅዛል። አየሩ ሲበርድ እርጥበቱ ይበረታል፤ የደረቀ በርበሬ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ከዚያ ሻጋታ ይከተላል። አንዳንዱ ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን ቢፈጭም ቢበስልም በቀላሉ አይጠፋም።

መንገደኛ ብርኩታ ሲጋግር የጋለ ድንጋይ በሊጥ ይጠቀልላል፤ ድንጋዩ ዳቦውን ከውስጥ ያበስለዋል። ይህን አስቤ ከማድረቂያው ባለ መስታወት ማሞቂያ ሣጥን ሥር ቡጢ ቡጢ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ደረደርሁ፤ 100 ኪሎ ያህል። ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሸሽ ከታች የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅሁ።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁ። 100 ኪሎ ድንጋይ ከ60 ወደ 25 ዲግሪ ሲወርድ 3,000 ኪሎጁል ገደማ ይሰጣል። 1 ኪሎ ውኃ ለማትነን 2,400 ያህል ያስፈልጋል። በግድግዳው የሚባክነው ሲቀነስ፣ ያ ሁሉ ሸክም ሌሊቱን ሙሉ 1 ኪሎ ውኃ እንኳ አያወጣም። ድንጋይ ስጨምር ደግሞ የጠዋቷን ፀሐይ ራሱ እየዋጠ በርበሬውን እስከ ረፋድ ያስበርደዋል።

ስለዚህ የማድረቁን ሥራ ለቀን ትቼ ድንጋዩን ዘበኛ አደረግሁት። በ10 ዲግሪ እርጥበት የጠገበ አየር 20 ዲግሪ ድረስ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለዚህ ትንሽ ሙቀት ይበቃል፤ ቁም ነገሩ አለማባከኑ ነው። ፀሐይ እንደጠለቀች መስታወቱ በሰሌን ይሸፈናል፣ የአየር መግቢያውና መውጫው ይጠብባል። የመጀመሪያው ሌሊት ብቻ ይለያል፦ በርበሬው ገና ውኃ ያዘለ ስለሆነ ታፍኖ ካደረ ይሻግታል፤ መውጫው ክፍት ይደር።

አሁን ማድረቂያ ካስረከብሁ በኋላ፣ በርበሬው በደረቀ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ተመልሼ እሄዳለሁ። ቀትር ላይ ሁሉም ማድረቂያ ጎበዝ ነው። የኔን ሥራ የሚነግረኝ በዚያ ብርድ አንዱን ዛላ ስሰብር የምሰማው ድምፅ ነው።